የፕሪካምብሪያን ደለል ዓለቶችን በመስክ መግለጽና ፎርሜሽን መሰየም፦ የተምቤን ግሩፕን ምሳሌ በማድረግ

ከውቅሮ ወደ አዲግራት ሲጓዙ ነጋሽ አካባቢ የሚታየው ጠቆር ያለ፣ የተጣጠፈና በቅጠል በቅጠል የሚላጥ ድንጋይ፣ በዙሪያው ባሉት ገደሎች ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተነጠፈው የአሸዋ ድንጋይ ጋር የዘመን ዝምድና የለውም። የታችኛው፣ ማለትም የተጣጠፈው ድንጋይ፣ የተምቤን ግሩፕ ይባላል። በባሕር ውስጥ የተነጠፈ ደለል ሲሆን ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ከተነጠፈ በኋላ ተጨምቆ ታጥፏል። የላይኛው ያ ሁሉ ካለፈና መሬቱ ተሸርሽሮ ከተስተካከለ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ በታችኛው ውስጥ አንዱን ፎርሜሽን (በዓለቱ ዓይነት የሚታወቅ፣ በካርታ ላይ ሊሣል የሚችል የንብርብር አካል) ከሌላው መለየት፣ ሌላ ሰው ያንኑ ወሰን ፈልጎ እንዲያገኘው አድርጎ መጻፍ፣ ከዚያም ስም መስጠት ነው።

እንደ አንታሎ (ሕንጣሎ) ኖራ ድንጋይ ባሉ፣ በብዙ ዘግይተው በመጡ የጁራሲክ ዘመን ዓለቶች የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪተ አካል ንብርብሩን ለመለየት ይረዳል። በፕሪካምብሪያን፣ ማለትም የእንስሳት ቅሪተ አካል ከመብዛቱ በፊት ባለው እጅግ ጥንታዊ ዘመን፣ ይህ እርዳታ የለም። የሚገኘው በአብዛኛው ስትሮማቶላይት፣ ማለትም ደቂቅ ተሕዋስያን የሠሩት ጉብታ ጉብታ ንብርብር ነው፤ እሱም ዘመን አይናገርም። ስለዚህ የፎርሜሽኑ ማንነት ሙሉ በሙሉ በዓለቱ ዓይነትና በንብርብሩ ቦታ ላይ ይቆማል። መግለጫው ከተበላሸ ስሙ የሚያርፍበት ነገር የለም።

1. ከመውጣታችሁ በፊት

ለአካባቢው የታተሙትን የ1፡250,000 የጂኦሎጂ ካርታዎች (አክሱም፣ አዲግራት፣ መቀሌ) እና የ1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታ ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የድሮዎቹ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ዳተም) ሲሆን የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው የሚሠራው። ሁለቱን ሳታስማሙ ነጥብ ብታስቀምጡ በመሬት ላይ ወደ 200 ሜትር ያህል ትስታላችሁ። ዲያሚክታይቱን (ድንጋይ የተቀላቀለበትን የጭቃ ዓለት) በካርታው ኖራ ድንጋዩ ላይ ለመሳል ይህ ከበቂ በላይ ነው። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዳተሙንና ዞኑን (ለትግራይ ዩቲኤም 37 ሰሜን) ጻፉ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ይህ ነው፦ የጂኦሎጂ መዶሻና የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ክሊኖሜትር (የዝንባሌ መለኪያ) ያለው ኮምፓስ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ 1.5 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ፣ 30 ወይም 50 ሜትር የሚረዝም የመለኪያ ጥቅል፣ የሙንሴል የዓለት ቀለም ካርድ፣ የማይለቅ ማርከር፣ የናሙና ከረጢት፣ ጂፒኤስ፣ እርሳስ፣ እንዲሁም 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ማንጠባጠቢያ ጠርሙስ። አሲዱን ከመደብር ከሚገዛው 37 በመቶ ስታዘጋጁ ልኩ 1 እጅ አሲድ ለ3 እጅ ውኃ ነው። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውኃው ጨምሩ፤ ውኃ ወደ አሲድ ከፈሰሰ ፈልቶ ይረጫል።

ለቀበሌው አስተዳደር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰውም አስከትሉ። ጦርነት ባለፈበት ሸለቆ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ስለሚችል ነዋሪው «በዚያ አትሂዱ» ካለ አትሂዱ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ አጠገብ መዶሻ አታንሱ።

2. የሚለካውን መስመር መምረጥ

የንብርብሮቹ አቅጣጫ (ስትራይክ) የት እንደሚሄድ ካወቃችሁ በኋላ፣ ያንን አቅጣጫ በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ ወንዝ ወይም ገደላማ ሸለቆ ፈልጉ። ጥሩ መስመር የታችኛውንም የላይኛውንም ወሰን ያሳያል። መካከሉ ብቻ ቢያምር፣ ሁለቱ ወሰኖች ግን በአፈርና በቁልቋል የተሸፈኑ ከሆነ ለመለያ መስመርነት (ፎርሜሽኑ ለሚታወቅበት ዋና የተለካ መስመር) አይበቃም፤ ማጣቀሻ ብቻ ይሁን።

ከዚያ ሙሉውን መስመር ሳትለኩ አንዴ በእግር ሂዱበት። በተምቤን ዓለቶቹ በሲንክላይን፣ ማለትም እንደ ገበታ ጎድጎድ ብለው የታጠፉ ስለሆኑ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ያንኑ ኖራ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ያገኘዋል። አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ። ይህን ሳያዩ የለኩ ሰዎች አንዱን ፎርሜሽን ሁለት ያደርጉታል፣ ውፍረቱንም እጥፍ ያደርጉታል። መሐሉ ላይ ዲፑ፣ ማለትም ንብርብሩ ወደ ታች የሚያዘምበት፣ አቅጣጫ ከቀየረ ቁሙና የእጥፋቱን አንጓ ፈልጉ።

3. ንብርብሩን ከክሊቬጁ ለዩ፣ ላዩንም ከታቹ

በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። ስሌት ድንጋይ (ተጨምቆ የጠነከረ የጭቃ ድንጋይ) የሚላጥበት ገጽ ብዙ ጊዜ ደለሉ የተነጠፈበት ገጽ አይደለም። ዓለቱ ሲጨመቅ የሸክላ ማዕድናቱ በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው የፈጠሩት ክሊቬጅ ነው። ኮምፓሱን ዝም ብሎ ለስላሳው ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የተራራውን ጭመቃ ለክቶ «ንብርብር» ብሎ ይጽፋል።

እውነተኛውን ንብርብር ለማግኘት የተሰበረውን ጎን በውኃ አርጥቡና በሌንስ እዩ። የቀለም ልዩነት፣ የደቃቅ አሸዋ መስመር፣ የኖራ ቀጭን ክር የሚሄድበት አቅጣጫ ንብርብሩ ነው፤ ክሊቬጁ ያንን አቋርጦ ያልፋል። ሁለቱንም ለኩ፣ በደብተሩም በተለያየ ምልክት ጻፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ንብርብሩ ቀጥ ነው ወይስ ተገልብጧል የሚል ነው። የሚከተሉትን ማስረጃዎች ፈልጉ፣ ቢያንስ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስም አትወስኑ።

ስትሮማቶላይት ጉብታው ወደ ላይ ነው የሚያድገው። የአሸዋ ንብርብር ከታች ሻካራ ከላይ ደቃቅ ይሆናል። የጭቃ ስንጥቅ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። በክሮስ ቤዲንግ (በአንድ ንብርብር ውስጥ በአዘመመ የተደረደሩ ቀጫጭን የአሸዋ መስመሮች) የላይኛው ጫፍ የተቆረጠ፣ የታችኛው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚተኛ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በታጠፈ ዓለት ክሊቬጁም ይረዳል፦ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ አዘምመው ክሊቬጁ ከንብርብሩ የበለጠ ቆሞ ከተገኘ ንብርብሩ ቀጥ ነው፤ ንብርብሩ ከክሊቬጁ የበለጠ ከቆመ ተገልብጧል። ሁለት ጊዜ በታጠፈ ቦታ ግን ይህ ሕግ ስለማይሠራ በስትሮማቶላይቱና በአሸዋው ተማመኑ።

4. ውፍረት መለካት

ሜዳማ መሬት ላይ ስትራይኩን በ90 ዲግሪ እያቋረጣችሁ ከሄዳችሁ እውነተኛው ውፍረት የተሄደው ርቀት በዲፑ ሳይን ሲባዛ ነው። 120 ሜትር በ35 ዲግሪ ዲፕ፦ 120 × 0.574 = 68.8 ሜትር። ዲፑን 5 ዲግሪ አብዝታችሁ 40 ብትሉ 77 ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ንባብ ከ8 ሜትር በላይ ስህተት ማለት ነው። ስለዚህ ዲፕን በአንድ ቦታ አትመኑ። በየ10 ሜትሩ ለኩ፣ አንዱ ንባብ ከሌሎቹ ከወጣ ድንጋዩ የተንሸራተተ መሆኑን አረጋግጡ።

ተዳፋት ላይ የ1.5 ሜትሩ ዱላ ይሻላል። ክሊኖሜትሩን በዲፑ ልክ አስተካክላችሁ ዱላው ጫፍ ላይ ያዙት፣ ዱላውንም ከንብርብሩ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አዘንብሉት፣ ከዚያ በክሊኖሜትሩ አሻግራችሁ የምታዩት የመሬት ነጥብ በንብርብር ቆጠራ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ነው። እዚያ ሂዱና ድገሙ። ዱላውን ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርጎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። በ35 ዲግሪ ዲፕ ያ 1.5 ሜትር በእርግጥ 1.23 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 100 ሜትር የሆነው ዓለት በደብተራችሁ 122 ሜትር ሆኖ ይገባል። ሲደክማችሁ ዱላው ቀጥ ማለት ይጀምራልና ከሰዓት በኋላ የለካችሁትን በማግስቱ ጠዋት በከፊል ድገሙት።

የተሸፈነውን ክፍል «ሽፋን፣ 6 ሜትር» ብላችሁ ጻፉ። ከላይና ከታች ኖራ ድንጋይ ስላለ መካከሉም ኖራ ድንጋይ ነው አትበሉ፤ ለስላሳው ስሌት ድንጋይ ነው ቶሎ ተሸርሽሮ በአፈር የሚሸፈነው።

5. እያንዳንዱን ንብርብር መግለጽ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። አንዴ ከለመዳችሁት የቀረውን ዓይናችሁ ራሱ ይፈልገዋል፦ የዓለቱ ስም፣ ቀለም (ትኩሱ፣ ከዚያም ያረጀው ገጽ)፣ የንብርብር ውፍረት፣ የቅንጣት መጠን፣ የማዕድን ዓይነትና የአሲድ ውጤት፣ ቅርጾችና ስትሮማቶላይት፣ ክሊቬጅና ደም ሥሮች፣ በመጨረሻም የታችኛውና የላይኛው ወሰን ጠባይ።

ለውፍረት ልኩ የታወቀ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ላሚና፣ ከ1 እስከ 3 በጣም ቀጭን፣ ከ3 እስከ 10 ቀጭን፣ ከ10 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 እስከ 100 ወፍራም፣ ከ1 ሜትር በላይ በጣም ወፍራም። «መጠነኛ»፣ «ደህና የሚሆን» የሚሉ ቃላት በደብተር ቦታ የላቸውም።

ኖራ ድንጋይን ከዶሎማይት ለመለየት አሲድ አንጠባጥቡ። ኖራ ድንጋይ ወዲያው በኃይል ይፈላል። ዶሎማይት በድፍኑ ዝም ይላል ወይም በጣም በቀስታ ነው የሚያረፋው፤ በቢላ ጭራችሁ ዱቄቱ ላይ ብታንጠባጥቡ ግን ይፈላል። በዕድሜ ብዛት የተሰነጣጠቀ ዶሎማይት ውስጥ ነጭ የካልሳይት ደም ሥር ስለሚኖር ጠብታው እዚያ ላይ ካረፈ ያታልላል፤ በሌንስ እያያችሁ ደም ሥር በሌለበት ላይ ሞክሩ። ያረጀ ገጽም ፍንጭ ይሰጣል፦ ዶሎማይት ወደ ቢጫ ቡናማ፣ ኖራ ድንጋይ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል። ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

አንድ መግለጫ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል፦

«ክፍል 7፣ ከ14.2 እስከ 17.6 ሜትር። ኖራ ድንጋይ፣ ትኩሱ ጥቁር፣ ያረጀው ሰማያዊ ግራጫ፤ ቀጭን ንብርብር፣ ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፤ በጣም ደቃቅ፤ በአሲድ በኃይል ይፈላል፣ ጥቁር ጭቃ ይተዋል፤ ሲሰበር የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከ16.1 ሜትር ጀምሮ ስትሮማቶላይት፣ ጉብታው እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ከፍታ፣ ወደ ላይ የቆመ። የካልሳይት ደም ሥር፣ ስፋቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ክሊቬጁን ተከትሎ። የታችኛው ወሰን ሹል፤ የላይኛው በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ስሌት ድንጋይ ይለወጣል።»

ይህን ያነበበ ሰው ናሙናውን ሳያይ ንብርብሩን ያውቀዋል። «ጥቁር ኖራ ድንጋይ፣ 3.4 ሜትር» ብቻ ቢባል ግን በነጋሽም ሆነ በማይ ቅነጣል ካሉት ጥቁር ኖራ ድንጋዮች የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ በመልክ ብቻ ሁለቱን አንድ ማድረግም እንዲሁ ያሳስታል።

ዲያሚክታይት ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። በጭቃ ውስጥ ትልቅም ትንሽም ድንጋይ ያለ ሥርዓት የተቀላቀለበት ዓለት ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ አስምሩና ውስጡ ያሉትን 100 ድንጋዮች ቁጠሩ፦ ዓይነታቸውን፣ ረጅሙን ጎናቸውን፣ ክብነታቸውን። መቶ ካልሞላ ካሬውን አስፉ። በላሚና ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ድንጋይ ካለ ከሥሩ ያለው ላሚና ተጎንብሶ፣ ከላዩ ያለው ደግሞ አልብሶት ካለፈ ከበረዶ ቀልጦ የወደቀ ሊሆን ይችላል። በድንጋዩ ላይ የተጫረ መስመር አይታችሁ ግን «ግግር በረዶ» ለማለት አትቸኩሉ። የበረዶ ጭረት እርስ በርሱ የሚቋረጥ፣ በብዙ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። ሁሉም መስመር ትይዩ ሆኖ ዓለቱ ከተለጠጠበት አቅጣጫ ጋር ከገጠመ የተሠራው በጭመቃው ጊዜ ነው።

በትግራይ ሌላም የበረዶ ዘመን ዓለት ስላለ መቀላቀል አይገባም። የእዳጋ ዓርቢ የበረዶ ደለል የፓሊዮዞይክ፣ ማለትም ከፕሪካምብሪያን ቀጥሎ የመጣው ዘመን፣ ነው፤ በተሸረሸረው ፕሪካምብሪያን ላይ በጠፍጣፋው የተኛ፣ ክሊቬጅ የሌለው፣ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። የነጋሽ ዲያሚክታይት ክሊቬጅ አለው፣ ድንጋዮቹ ተለጥጠዋል፣ ከሥሩ ካለው ኖራ ድንጋይ ጋርም አብሮ ታጥፏል።

6. ወሰን

ወሰን የሚደረገው የዓለቱ ዓይነት በሚለወጥበት ቦታ ነው። ሹል ከሆነ ቀላል ነው። ቀስ በቀስ ከሆነ ግን መስፈርቱን በቃል አስቀምጡ፦ «ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የመጀመሪያው የኖራ ድንጋይ ንብርብር ሥር»። «ኖራ ድንጋይ መብዛት ሲጀምር» ካላችሁ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ወሰን ያበጃል። የፕሪካምብሪያን የመጨረሻ ክፍል የሆነው የኤዲያካራን ዘመን መነሻ የሆነው በደቡብ አውስትራሊያ ፍሊንደርስ ተራሮች ያለው ወሰን እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው በዚህ መልክ ነው፦ ከኤላቲና ዲያሚክታይት በላይ የሚጀምረው የኑካሊና ዶሎማይት ሥር፣ በአንድ በታወቀ ጅረት ዳር።

ፎልት (ዓለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ስንጥቅ) የቆረጠው ወሰን የተፈጥሮ ወሰን አይደለም። የተፈጨ ድንጋይ፣ የተወለወለ ገጽ ወይም በድንገት የተለወጠ ዲፕ ካያችሁ «የፎልት ወሰን፣ የላይኛው ጫፍ አልታየም» ብላችሁ መዝግቡ።

7. ናሙና

ለካርቦን አይሶቶፕ በየ1 ወይም 2 ሜትሩ የጡጫ ግማሽ የሚያህል፣ ደም ሥር የሌለበት ትኩስ ኖራ ድንጋይ ይበቃል። ለዕድሜ የሚፈለገው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው፤ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ስለሆነ ችላ ተብሎ ይታለፋል። ከአመዱ የሚገኘው ዚርኮን የተባለ ጠንካራ ማዕድን የንብርብሩን ዕድሜ በቀጥታ ይሰጣል። ከአሸዋ ድንጋይ የተለቀመ ዚርኮን ግን ደለሉ ከዚያ እንደማይበልጥ ብቻ ነው የሚናገረው። እያንዳንዱን ናሙና ከመስመሩ ከፍታ ጋር፣ ለምሳሌ «7–16.3»፣ በድንጋዩም በከረጢቱም ላይ ጻፉ፤ ከረጢት ይቀደዳል።

8. ስሙን መስጠት

እዚህ ድረስ ያለውን ያልሠራ ሰው ስም መስጠት የለበትም። ፎርሜሽን የሚባለው በዓለቱ ዓይነት የሚታወቅ፣ በካርታ ላይ ሊሣል የሚችል አካል ነው። ውፍረቱ አይወስነውም። በ1፡50,000 ካርታ የማይሣል ቀጭን ክፍል ከሆነ፣ በአንድ ፎርሜሽን ውስጥ ሜምበር ይሁን። ተዛማጅ ፎርሜሽኖች ተሰብስበው ግሩፕ ይሆናሉ።

ስሙ ሁለት ክፍል አለው፦ የቦታ ስምና የዓለት ዓይነት ወይም የማዕረጉ ቃል። ለምሳሌ «አሰም ኖራ ድንጋይ» ወይም «አሰም ፎርሜሽን»። ዓለቱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ከሆነ የመጀመሪያው ይሠራል፤ በመካከሉ ስሌት ድንጋይና ዶሎማይት የሚገባ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። «የአሰም ኖራ ድንጋይ ፎርሜሽን» ብሎ ሁለቱንም መደራረብ ግን አይመከርም።

የቦታው ስም በታተመ ካርታ ላይ ያለ፣ መለያ መስመሩ አጠገብ ያለ ወንዝ፣ መንደር ወይም ተራራ ይሁን። በሕይወት ያለ ሰው፣ ድርጅት ወይም ለጊዜው የተሰየመ የማዕድን ጉድጓድ አይሁን። ከዚያ በፊት ያ ስም ለሌላ ዓለት ተሰጥቶ እንደሆነ አጣሩ፤ በጎረቤት አገር ያለውንም ጭምር፣ የዓለቶቹ ቀጣይ ኤርትራ ውስጥ ስለሚገኝ። ሲያጣሩ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና አራት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል አትርሱ፤ ፀ፣ ጠ እና ቀ ያለበት ስም ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ነዋሪውን ጠይቃችሁ በግዕዝ ፊደል ትክክለኛውን ያዙ፣ የላቲኑንም አንድ አድርጋችሁ ወስኑ።

አንዴ የጸና አጻጻፍ ግን ቦታው ሌላ አጠራር ቢኖረውም አይቀየርም። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው ሥራ ለጁራሲኩ ኖራ ድንጋይ የሰጠው ስም «አንታሎ» ሲሆን ከተማዋ ሕንጣሎ ብትሆንም በሳይንሱ ጽሑፍ እስካሁን አንታሎ ነው። ያሳዝናል፤ ቢሆንም ስሙን ማስተካከል መቶ ሃምሳ ዓመት የተጻፈውን ማደናገር ይሆናል። ትክክለኛውን ለማስፈር ዕድሉ ያለው ገና ለሚሰየመው ነው።

ትርጓሜን በስም ውስጥ አታስገቡ። «ዲያሚክታይት» ያየነውን ይናገራል፤ «ቲላይት» ግን በረዶ ነው የሠራው ይላል፣ በባሕር ሥር የተንሸራተተ ጭቃም ያንኑ ሊሠራ ይችላል። የነጋሹ ዛሬ ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው የስተርቲያን የበረዶ ዘመን ጋር ቢያያዝም ስሙ ዲያሚክታይት መሆኑ ትክክል ነው። ዘመንንም አታስገቡ። ከቶኒያን ቀጥሎ የመጣው የክራዮጂኒያን ዘመን መነሻ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ 850 ሚሊዮን ዓመት ነበር፣ ከዚያ ወደ 720 ገደማ ተዛወረ። 800 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነው የተምቤን ግሩፕ የታችኛው ክፍል አንድ ጠጠር ሳይነቃነቅ ከክራዮጂኒያን ወደ ቶኒያን ተሻገረ። ዘመኑን በስሙ የያዘ ፎርሜሽን ቢኖር ስሙ ሐሰት በሆነ ነበር።

9. ማሳተም

ስሙ የሚጸናው በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ሲታተም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍና የጉባኤ አጭር መግለጫ አይበቃም። ጽሑፉ እነዚህን ይያዝ፦ አዲስ ስም የመስጠት ፍላጎትን የሚገልጽ ግልጽ ዓረፍተ ነገር፣ የስሙ ምንጭ፣ ማዕረግ፣ ቀድሞ የተሰጡ ስሞች፣ የመለያ መስመሩ የታችና የላይ ጂፒኤስ ከዳተሙ ጋር፣ መድረሻ መንገድ፣ የተለካው የንብርብር ዓምድ ሥዕል፣ የሁለቱ ወሰኖች መስፈርት፣ ውፍረትና ወደ ጎን የሚለዋወጥበት መንገድ፣ ዕድሜና ማስረጃው፣ ናሙናዎቹ የተቀመጡበት ቦታ።

የወሰኖቹን ፎቶ ከመለኪያ ጋር አንሱ፤ አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከአንድ ክንድ ርቀት። ከሩቁ ላይ ወሰኑን በመስመር አመልክቱ፣ ያልተሰመረበትንም አጠገቡ አኑሩ። ወንዙ ሞልቶ ወይም መንገድ ተሠርቶ መለያ መስመሩ ከጠፋ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ምትክ መስመር የሚመርጠው በእነዚያ ፎቶዎችና በጻፋችሁት የወሰን መስፈርት ነው።